ሐሳብና ሒሳብ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሀዋሳ። የክፍሉ መብራት ግማሹ ጠፍቷል። አስታማሚዎች በየአልጋው ሥር ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበው ጋደም ብለዋል። አንዲት ነርስ ከአንድ አልጋ ራስጌ ቆማ፣ አንድ ጊዜ ሰዓቷን፣ አንድ ጊዜ የግሉኮሱን ጠብታ ታያለች። ትእዛዙ 1,000 ሚሊ ሊትር በስምንት ሰዓት ይግባ ይላል። በእጇ ያለው መስመር አንድ ሚሊ ሊትር የሚሞላው በ20 ጠብታ ነው። 1,000 በ20 ሲባዛ 20,000፤ ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ፤ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ይመጣል፣ ያውም ትንሽ ጎደል ብሎ። ተማሪ ሳለች ይህንን ያለ ወረቀት ነበር የምትሠራው። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ሃያ አንድ ላይ ስትደርስ አከራይዋ ትዝ ይሏታል። ቁጥሩ ይጠፋባታል። ከአንድ ትጀምራለች።

ይህችን ሴት ሀዋሳ ሄዳችሁ ብትፈልጓት አታገኟትም። አብረን እንድንቆጥር ያህል የፈጠርኳት ናት፤ ስምም አልሰጠኋትም። የምትቀበለው ደመወዝ፣ የሚቆረጥባት ግብርና የምትቆጥረው ጠብታ ግን ፈጠራ የለበትም። እሷን የሚመስሉትን ለማየት የፈለገ ሰው፣ የከተማው ነዋሪ ባጭሩ ‹‹ሪፈራል›› ከሚለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ከአዳሬ ሆስፒታል በር አጠገብ ማለዳ ቢቆም ይበቃዋል። ያደረው ተረኛ ሲወጣ፣ የሚውለው ሲገባ ያያል። የሚወጣውን የሚለየው ዓይኑ ነው።

እንቁጠር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ መንግሥት ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ ጭማሪ ነው፤ በመቶኛ ካሰሉት የሚያስጨበጭብ። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በተሻሻለው የገቢ ግብር ደግሞ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ የቀረው 1,500 ደግሞ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ድምሩ 2,100 ብር። ለጡረታ ሰባት በመቶ፣ 805 ብር። ቤት የሚገባው 8,595 ብር ነው። የቤት ኪራይ ከዚህ ላይ ይነሳል። የባጃጅ ከዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ለቀሩት ወላጆች የሚላከው፣ ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ የታናሽ ወንድም ደብተር፣ የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር፣ ሁሉም ከዚሁ ላይ ነው።

በዚህ ላይ ብሩ ራሱ ቀልሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር፤ ዓመት ሲሞላው ከ130 አለፈ። ነርሷ ዶላር አትይዝም፤ ዶላር አይታም ላታውቅ ትችላለች። ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ ጓንቱና መርፌው ግን በዶላር ይመጣሉ፤ ዶላሩ በዘይቱ በኩል ጓዳዋ ይገባል፣ በነዳጁ በኩል ባጃጁ ላይ ይሳፈራል። ጭማሪው ሲታወጅ ‹‹በዛላችሁ›› የሚሉ ዘመዶች መደወላቸው አይቀርም። ለነርሷ ግን አዲሱ ደመወዝ አሮጌው ያደርስ ወደነበረበት ቦታ ማድረስ አልቻለም።

አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል። ‹‹ሐሳብ›› እና ‹‹ሒሳብ›› ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። በግዕዝ ‹‹ሐሰበ›› ቆጠረም፣ አሰበም ነው። ‹‹ሐሳብ ገብቶታል›› ስንል ጭንቅ ይዞታል ማለታችን ነው፤ የሚያስበውን ማንም አይጠይቀንም፣ ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ነገር ነውና። ሰው በሐሳብ ከሳ፣ በሐሳብ ነጣ እንላለን። በዚምባብዌ የሾና ተናጋሪዎችም የሚቀርብ ቃል አላቸው፤ ‹‹ኩፉንጊሲሳ›› ይሉታል፣ ማሰብ ማብዛት እንደማለት። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ድብርትና ጭንቀት ብለው የሚከፍሉትን እነሱ በአንድ ቃል ይዘውታል።

የተመራማሪዎቹ መንገድ ሌላ ቢሆንም የደረሱበት ግን ከቋንቋችን ብዙ አይርቅም። አናንዲ ማኒ፣ ሴንድሂል ሙላይናታን፣ ኤልዳር ሻፊርና ጂያዪንግ ዣኦ በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት የደቡብ ሕንድ ሸንኮራ ገበሬዎችን ይመለከታል። 464 ገበሬዎች ናቸው፤ ገንዘብ የሚያገኙት በምርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ጠባብ ናቸው። ያንኑ ገበሬ ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ ፈተኑት። ከምርት በፊት፣ እጁ ባጠረበት ጊዜ፣ ማሰብና ማስተዋል በሚጠይቀው ፈተና ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሰውዬው አልተለወጠም። ጭንቅላቱ ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ ዕዳ ይቆጥር ነበር።

የሸንኮራ ገበሬ የፈተና ወረቀት ላይ ቢሳሳት ጉዳቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ጠብታ የምትቆጥረዋ ሴት ስትሳሳት ግን አልጋ ላይ የተኛ ሰው አለ። እሷም ይህንን ስለምታውቅ ከአንድ ትጀምራለች፤ ሁለተኛ ትቆጥራለች፤ ሦስተኛ። አንድ ጊዜ ይሠራ የነበረውን ሦስት ጊዜ መሥራት ድካም ነው፤ ድካሙ ግን የትም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ገበሬው በአንድ ነገር ይሻላታል። ምርቱ መቼ እንደሚደርስ ያውቃል። እሷ ግን የሚገባበትን ቀን የማታውቀው ገንዘብ አላት፤ ‹‹ዱቲ›› ይባላል። ከመደበኛው ሰዓት ውጭ፣ ሌሊት፣ በበዓልና በእሑድ ለሠራችው የሚታሰብ ክፍያ ነው። ለብዙ ጤና ባለሙያ ኑሮ የሚያስቀጥለው ደመወዙ ሳይሆን እሱ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ካዝና ሲሳሳ መጀመሪያ ወደ ኋላ ከሚገፉት ወጪዎች አንዱ ይህ ነው። የጤና ባለሙያዎች በየክልሉ ለዓመታት ያሰሙት አቤቱታ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፦ የሠራነው ዱቲ ይከፈለን። ከሀዋሳ ብዙ በማይርቀው በወላይታ ደግሞ መደበኛው ደመወዝ ራሱ ዘግይቶ የመንግሥት ሠራተኞች ወራት የጠበቁበት ጊዜ ነበር።

ትንሽ ገንዘብ ያደክማል። የሚመጣበት ቀን የማይታወቅ ገንዘብ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ሁለቱን ማምታታት የለብንም ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ጤና ባለሙያ ኑሮ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የደመወዙ ማነስ ነውና። ሰው በትንሹም ቢሆን ልኩን ካወቀ ልኩን ይኖራል፤ ሽሮውን ያቀጥናል፣ ቤቱን ያጠባል፣ ከመሐል ከተማ ዳር ወዳለው ቱላ ይወርዳል። ‹‹በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል›› የተባለው ገንዘብ ግን ልክ የለውም። በእሱ ተማምነው ይበደራሉ፤ ሳይገባ ሲቀር አበዳሪውን ለመሸሽ ሌላ መንገድ ይዞራሉ። ስልክ ጢን ባለ ቁጥር ባንክ ይመስላል። የአየር ሰዓት ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ አደባባይ ወጥቷል። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና ኢንተርኖች በየከተማው ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ጥያቄ አነሱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በአዲስ አበባ ሰብስበው አነጋገሯቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ አቤቱታው ወደ ሥራ ማቆም አደገ። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ተመጣጣኝ ደመወዝ፣ የዱቲ ክፍያ፣ መኖሪያ ቤት፣ ትራንስፖርትና የራሳቸው ሕክምና ነበሩበት። ጎረቤት ኬንያ ሐኪሞቿ በማኅበራቸው መሪነት አንዴ 100 ቀን፣ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ 56 ቀን ሥራ አቁመው ከመንግሥት ጋር ተፈራርመው ተመልሰዋል። እኛ ዘንድ የፌዴራል ፖሊስ 47 የጤና ባለሙያዎችን በቁጥጥር ሥር ማዋሉን አስታወቀ። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ደግሞ ከላይ የቆጠርነው የደመወዝ ጭማሪ ለመንግሥት ሠራተኛ በሙሉ ታወጀ።

በሥራ ማቆሙ ትክክለኛነት ላይ ሰው ይከራከር፤ በሽተኛ ጥሎ መሄድ ለማንም ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። ቀድሞ ሻይ ቤት በስሞታ የሚወጣው አሁን ወደ ውስጥ ገብቷል። ስሞታ ይናቃል እንጂ መድኃኒትነት አለው፤ ‹‹አንተም እንደዚህ ነህ?›› ብሎ መጠየቅ የሰውን ሸክም ያቀልላል።

ሀዋሳ ደግሞ ለሐዘን የተመቸች ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ እንግዳ የሚያየው ሐይቁን፣ የአሞራ ገደልን ዓሣ፣ የታቦርን ተራራ፣ ዘንባባ የተሰለፈባቸውን ሰፋፊ መንገዶች ነው። ቅዳሜና እሑድ ከተማዋ በሰርገኛና በስብሰባ ትሞላለች። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የክልሉ ቢሮዎች ሁሉ ቤት ፈላጊ ይጠራሉ። ለእንግዳው የተዋበችው ከተማ ለተከራይዋ ውድ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተነሳ አይቀር፤ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፎ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። አራት ዓመት ተምራ የተመረቀችው ነርስ ዛሬ ከግብር በኋላ እጇ የሚገባው፣ በዶላር ሲመነዘር፣ 60 አይሞላም። ሁለቱ ሴቶች አንዳንድ ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተው ይኖራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጸደቀው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ በእንግሊዝኛ ‹‹በርንአውት›› የሚባለውን አስገብቶታል፤ ሦስት ምልክት ሰጥቶታል፦ መዛል፣ ከሥራ በልብ መራቅና ‹‹የምሠራው ምንም ዋጋ የለውም›› የሚል ስሜት። በሽታ ግን አይደለም፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ብሎም ጨምሯል። በአማርኛ ቃሉን ‹‹መቃጠል›› ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ አልተመቸኝም። እኛ ‹‹ነደድኩ›› ስንል መቆጣታችን ነው፣ ገና ኃይል አለን። ይህኛው የአመዱ ወሬ ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ‹‹ደነዘዝኩ››፣ ‹‹በቃኝ›› ይላሉ፤ ይሻላል።

ሁለተኛውን ምልክት፣ በልብ መራቅን፣ ሁላችንም በሌላ ስም እናውቀዋለን። ‹‹ሲስተሯ ጮኸችብኝ››፣ ‹‹ዶክተሩ ቀና ብሎም አላየኝ›› የማይል ታካሚ የለም። ባለጌ ባለሙያ አለ፤ ለእሱ ጠበቃ አልቆምም። ከሚጮኹት ውስጥ ግን እየራቁ ያሉ አሉበት። በቀን ስንት ጊዜ ‹‹መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ›› ብሎ ወረቀት መስጠት አለ። ከአገሪቱ የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉ ከቤተሰብ ኪስ ነው የሚወጣው፤ ወረቀቱን የተቀበለው አባት ፊት ላይ ይህ ሲሶ ይታያል። ነርሷ ጥሩ ወር ላይ ከኪሷ ትጨምርለታለች። ባልተከፈለችበት ወር አትችልም፤ ስለማትችል ፊቱን አታይም፤ ፊቱን ላለማየት ትጮኻለች። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆናታን ሼይ ከቬትናም ጦርነት በተመለሱ ወታደሮች ላይ ያስተዋለውን፣ ሥልጣን ያለው ሰው ትክክለኛውን ነገር ሲክድ የሚመጣውን የኅሊና ቁስል፣ በኋላ ሌሎች ሐኪሞች በራሳቸው ሙያ ውስጥ አገኙት፤ ትክክል መሆኑን የሚያውቁትን ማድረግ ባለመቻላቸው።

ታዲያ ለምን አትታከምም? ሐኪም ቤት ውስጥ ነው የምትውለው።

ችግሩ እዚያው ላይ ነው። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ የራሷ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ነው። ካርድ የምታወጣላት አብራት ምሳ የምትበላ ልጅ ናት። ወንበሩ ላይ ተራ ስትጠብቅ ትናንት መርፌ የወጋችው ሰው ያልፋል፤ ‹‹ሲስተር፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?›› ይላታል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ በፊት ውጭ አገር ይላክ ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቻውን የአገሩን ሸክም ተሸክሟል፤ ስሙም ስድብ እስከመሆን ደርሷል። ሙያው ወጣት፣ ባለሙያውም ጥቂት ስለሆነ ሁሉም ሁሉን ያውቃል።

ድብርትን ለመለየት የሚሞላው የተለመደ ቅጽ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከዜሮ እስከ 27 ይደመራል። (ይኸው፣ እዚህም ሒሳብ።) እንቅልፍ እንዴት ነው? ሦስት ሌሊት ተረኛ ለነበረች ሴት ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ድካም ይሰማሻል? የምግብ ፍላጎትሽስ? በሽታው የቱ ጋ ጀምሮ ሥራው የቱ ጋ እንዳበቃ ቅጹ አይለይም። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። ቅጹን ለሌሎች ስታስሞላ የኖረች ሴት ዘጠነኛው ላይ ምን ቢጻፍ ምን እንደሚከተል ታውቃለች፤ አንባቢው ባልደረባዋ መሆኑንም ታውቃለች። ዜሮ ትጽፋለች።

ሰውነቷ ቢታመምስ? በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 690 ለመደበኛ ሠራተኛ የማኅበራዊ ጤና መድን ደንግጎ ነበር፤ ሠራተኛው ሦስት በመቶ፣ አሠሪው ሦስት በመቶ ያዋጣሉ። ለዓመታት ወረቀት ላይ ቆየ። ለገበሬውና ለግል ሥራ ሰው የታሰበው የማኅበረሰብ ጤና መድን ግን በቀጣዩ ዓመት በአራት ክልሎች፣ የያኔውን ደቡብ ጨምሮ፣ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ብዙ ቦታ ተስፋፋ፤ መልካም ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ከአለታ ወንዶ ወይም ከዳሌ የመጣው ገበሬ የመድን ደብተሩን አውጥቶ ሲያሳይ፣ ደብተሩን የምትመለከተው ባለሙያ የራሷ ሳይኖራት ዓመታት አልፈዋል።

ብዙዎቹ ሌላ በር ያንኳኳሉ። ሀዋሳ የጸሎት ቤት ድሃ አይደለችም፤ የረቡዕ ጸሎት፣ የሌሊት ፕሮግራም፣ ወይም ገብርኤል፣ ወይም ጸበል አለ። እዚያ ካርድ አይወጣም፤ ማልቀስም አያስጠይቅም። ሌሎች ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ሄደው ይሠራሉ፤ ገንዘቡ ሐሳቡን ያቀልና እንቅልፉን ይወስዳል። ወጣት ሐኪሞች ላፕቶፕ ከፍተው የአሜሪካንን ወይም የእንግሊዝን የፈቃድ ፈተና ያጠናሉ፤ ቅርቡን የመረጡ ሐርጌሳ ይደርሳሉ። የሚቀረው የሄደውን ተራ ይሸፍናል።

ዚምባብዌ ላይ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐራሬ ውስጥ ቀላል ነገር ጀመረ። አሮጊቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ማሰብ ያበዛ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ያወራል። ከአሥር ዓመት በኋላ በ573 ሰዎች ላይ የወጣው ጥናት ድብርትና ጭንቀት በእርግጥ መቀነሱን አሳየ። ሀዋሳ ይህ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ቡና አጣጭነትን የምናውቅ ሰዎች ነን፣ ወንበሩም ጥላውም አለን። ለባለሙያዎች ሲሆን ወንበሩ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ መሆን አለበት። አሮጊቷ ግን ዱቲ አትከፍልም። ስለ ‹‹ጽናት›› ስልጠና ሰምቼ የምበሳጨው ለዚህ ነው፦ አበል የሚከፈልበት ስልጠና ሆኖ፣ አበሉ እንኳ ሲዘገይ።

ነጋ። ጠብታው ልክ ነበር፤ ግሉኮሱ በልኩ ወረደ። ነርሷ ለተተኪዋ አልጋ በአልጋ አስረከበች፤ የገባውን ፈሳሽና የወጣውን ሽንት አስነበበች፤ ፈረመች። ጋዋኗን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ባጃጅ ትታ እስከ መናኸሪያ በእግሯ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ግን እግሯ እምቢ አላት።

ግቢው በር ላይ ጎረቤቷ፣ ጉሊት የሚቸረችሩት እናት፣ ጠብቀዋታል።

‹‹ሲስተርዬ፣ ደህና አደርሽ? ሳትተኚ ልያዝሽ ብዬ ነው።››

‹‹ምነው እማማ፣ ግፊቱ ተነሳብዎት? ይግቡ ልለካዎት።››

‹‹አይ፣ እሱስ ደህና ነው።›› ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹‹ለልጁ የትምህርት ቤት ጎድሎብኝ ነው። አንቺ መቼም ወር ጠብቀሽ ታገኛለሽ። እስከ ቅዳሜ ብቻ።››

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

‹‹ስንት ነው፣ እማማ?››